ለአረጋውያን እንክብካቤ ልምምድ የት ልውጣ? ለሐዋሳ የጤና ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የምደባ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። "ሲስተር፣ የአረጋውያን ማዕከል ይሻለኛል ወይስ ገጠር ልውጣ?" ይሉኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ "ዋርድ ብቀር ምን አጣለሁ?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ነርስ ነኝ። ተማሪዎችን በልምምድ ላይ መከታተል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ የምመልሰውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ውጭ አገር የሚደረገውና የእኛ ይለያያል። በአውስትራሊያ ተማሪዎች በገጠር ከተሞች ወዳሉ የአረጋውያን መኖሪያዎች ለሳምንታት ይላካሉ። የነርስ፣ የፊዚዮቴራፒ፣ የፋርማሲ ተማሪዎች እዚያ ከአረጋውያኑ ጋር ይውላሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1982 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን ባወጣው ገንዘብ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከአረጋውያን መኖሪያዎች ጋር ተሳስረው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እንዳለ ወደ ሲዳማ ገጠር ማምጣት አይቻልም። በእኛ ገጠር አረጋዊ የሚኖረው በልጁ ወይም በልጅ ልጁ ጓሮ ነው። የአረጋውያን ማዕከላት ጥቂት ናቸው። ያሉትም በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ወይም ከተማ ዳር ናቸው፣ የሚተዳደሩትም በበጎ አድራጎት ነው። የሚገባባቸውም ጧሪ የሌለው ሰው ነው።

ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ምርጫ አራት ነው፤ የሆስፒታል ዋርድ፣ የጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክትትል፣ የአረጋውያን ማዕከል እና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር በገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት መዞር።

ተማሪን ከግቢ ማውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ጅማም ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርት ይታወቃል። ዛሬም ቲቲፒ ስንል፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው የሚለማመዱበት ፕሮግራም ማለት ነው፣ የዚያው ልጅ ነው። የጎደለን አረጋውያንን የዚህ ልምምድ አካል ማድረግ ነው። ተማሪው ገጠር ወጥቶ ነፍሰ ጡሮችን ይቆጥራል፣ ክትባት ያያል፣ መጸዳጃ ቤት ይቆጥራል። ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አያት ሰላም ብሎ ያልፋል።

መለኪያዬ አንድ ነው

ቦታዎቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው "ያንኑ ሰው ስንት ጊዜ አየዋለሁ?" የሚለውን ነው። ሕንፃውን፣ የአልጋውን ብዛት፣ የመመዝገቢያ ደብተሩን ቶሎ መሙላቱን ከዚያ በኋላ ነው የማየው። ለምን እንደሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ሐዋሳ ዙሪያ ባለ ቀበሌ ተመድባ ነበር። ከምትጎበኛቸው አንዷ የደም ግፊትና የልብ ችግር ያለባቸው እናት ናቸው። በሌሊት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። በመጀመሪያው ቀን ግፊታቸውን ለካች። መድኃኒታቸውን በደንብ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀች። "እወስዳለሁ የኔ ልጅ" አሏት። "በአግባቡ ይወስዳሉ" ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ጉብኝት ቡና ተፈላ፣ ተጫወቱ። በሦስተኛው ጉብኝት እሳቸው ራሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱላት። እዚያ ውስጥ ተደባልቀው የተቋጠሩ ክኒኖች አሉ፤ ነጭ፣ ነጭ፣ አንድ ቢጫ። ክኒኑን የምትሰጣቸው የልጃቸው ልጅ ናት። ልጅቷ ቀን ትምህርት ቤት ስለምትውል ሁሉንም ማታ ነው የምትሰጣቸው። ከነጮቹ አንዱ ላሲክስ ነበር።

ላሲክስ ሽንት ያመጣል። ማታ ሲወሰድ ሌሊት ያስነሳል። መጸዳጃው ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ባሻገር ነው። ጨለማ ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነው። የሁለቱ ውድቀት ምክንያት ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይኖር ነበር። ተማሪዋ ጉዳዩን ለጤና ጣቢያው የጤና መኮንን አቀረበች፣ እሱም ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዛወረው። ክኒኖቹም ተለያይተው በየከረጢታቸው ተቀመጡ። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ማንም ሊያገኘው አይችልም ነበር። በዋርድ ውስጥም አይገኝም።

የሆስፒታል ዋርድ

ዋርድን አላንኳስስም። ድንገተኛ ነገር የሚታየው እዚያ ነው። በሳንባ ምች ወይም በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምክንያት ድንገት የተምታታባቸውን አረጋዊ አይታችሁ፣ ላቦራቶሪውን ተከታትላችሁ፣ ሲሻላቸው አእምሯቸው ሲመለስ ካያችሁ "አርጅተው ነው" የሚለውን ቃል ዳግም አትናገሩም። ድንገተኛ መምታታት ሌላ ነው፣ በዓመታት የሚመጣ የመርሳት ችግር ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ዋርድን የሚያክል ቦታ የለም።

ችግሩ አስታማሚ ነው። ይህን ስል አስታማሚውን መውቀሴ አይደለም፤ ያለ እነሱ ዋርዱ አንድ ቀን አያድርም። ግን እስቲ ልብ በሉ። የሚያጎርሰው አስታማሚ ነው። የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው እሱ ነው። ተማሪው ቻርት ይዞ ይቆማል። አንድ ወር ዋርድ ውሎ አንድም አረጋዊ አጉርሶ የማያውቅ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። በሽተኛው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ቤቱ ሄዶ ምን እንደሆነ አታውቁም።

የጤና ጣቢያ ክትትል

እዚህ ብዙ አልቆይም። ለፋርማሲ ተማሪ ጥሩ ነው። የግፊትና የስኳር ታካሚዎች በቀጠሯቸው ስለሚመጡ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ ሁለቴ የምታዩት ሰው ይኖራል። የያዙትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ብትነግሯቸው፣ ከግል መድኃኒት ቤት ለጉልበታቸው የገዙት ዲክሎፌናክ ከግፊት መድኃኒቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ይህን ማግኘት ትልቅ ትምህርት ነው። ግን ጤና ጣቢያ የሚመጣው መራመድ የሚችል ወይም የሚያመጣው ሰው ያለው ነው። እንክብካቤ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከወረፋው ውስጥ የለም።

የአረጋውያን ማዕከል

እጃችሁ ሥራ እንዲለምድ ከፈለጋችሁ ማዕከል ግቡ። ጠዋት ትገባላችሁ፣ መታጠብ አለ፣ ቁርስ አለ፣ ማገላበጥ አለ። አስታማሚ የለም። እናንተ ናችሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድን ሰው በየቀኑ ታያላችሁ።

የአልጋ ቁስልን እንውሰድ። መጽሐፉ "ቆዳው ቀይ ሲሆን" ይላል። በእኛ ሰው ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። የምትፈልጉት ሌላ ነው፤ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት ሞቅ ያለ ወይም ጠንከር ያለ፣ ሰውየው ሲነካ የሚያመው ቦታ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት። በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት። ከአልጋ የማይነሳውን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የሚለውን ሕግ ሁላችሁም ለፈተና ሸምድዳችኋል። ሌሊቱን ማን እንደሚያገላብጥ የሚገባችሁ ግን ማዕከል ውስጥ አንድ ረዳት ለስንት ሰው እንዳለ ስትቆጥሩ ነው።

ማጉረስም እንደዚያው ነው። ቀና አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ማንኪያው ትንሽ ይሁን። እስኪውጡ ትጠብቃላችሁ፣ ጉሮሯቸውን ታያላችሁ። ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ሰው ወፈር ያለ ነገር ይሻለዋል። እዚህ ሲዳማ ውስጥ የቡላ ገንፎ አለላችሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይፈልግም፣ አረጋውያኑም ይወዱታል።

ካትዝ የሚባለውን መለኪያ የምትማሩበትም ምርጡ ቦታ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ነው። ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ሰውየው ያለ ረዳት የሚችለው እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉት፣ በመጨረሻው ቀን ድገሙት። አንዲት እናት ከአልጋ ወደ ወንበር ለብቻቸው መነሳት ከጀመሩ ያቺ አንድ ነጥብ የእናንተ ሥራ ናት።

አሁን ደግሞ ስጋቴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን የላክሁበት ቦታ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ብርድ ልብስ ሲያሳጥባቸው ከረመ። ብርድ ልብስ ማጠብ የሚያዋርድ ሥራ አይደለም፤ እኔም አጥቤያለሁ። ግን ልምምድ እሱ ብቻ ከሆነ ተማሪው የመጣበትን አላገኘም፣ አረጋውያኑም ነርስ አላገኙም። ጥፋቱ የእኔም ነበር። ከመላኬ በፊት "ተማሪዎቹን ማን ይከታተላል?" ብዬ አልጠየቅሁም። ማዕከሉ ውስጥ ቋሚ ነርስ ከሌለ ወይም አስተማሪያችሁ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ የማይመጣ ከሆነ አትሂዱ።

ሌላው ሐዘን ነው። በልምምዳችሁ መካከል ሰው ሊሞት ይችላል፤ ትናንት ያጎረሳችሁት ሰው። አያቱን በቅርብ የቀበረ ተማሪ ካለ አስቀድሞ ለአስተማሪው ይንገር። ሌላ ቦታ መመደብ ይቻላል፣ ነውርም የለበትም።

ስልክ ነገር አለ። እባካችሁ፣ የአረጋውያኑን ፊት ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። "እርዳታ ያስገኝላቸዋል" ትሉኛላችሁ። ገላቸው ሳይሸፈን፣ ምራቃቸው ሳይጠረግ በመንደራቸው ሰው ሁሉ መታየትን የፈቀዱ አይመስለኝም። ፈቃድ መስጠት የማይችሉም አሉ። የራሳችሁ እናት ቢሆኑስ?

የማዕከል ሌላው ጉድለት ታሪክ ማጣት ነው። ዘመድ ስለሌለ መቼ እንደጀመራቸው፣ ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር የሚነግራችሁ ሰው የለም። ማዕከል ውስጥ ያሉት ደግሞ የአረጋውያን ሁሉ ናሙና አይደሉም። ከዚያ ብቻ ተነስታችሁ "የእኛ አገር አረጋዊ የተጣለ ነው" ብትሉ ተሳስታችኋል።

የገጠር ቀበሌ፣ ቤት ለቤት

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ አልደብቅም። ግን ለሁሉም ተማሪ አይሆንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው በተለምዶ ሁለት ባለሙያዎች አሉ። አምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ናቸው። እነዚህ ሴቶች የማያውቁት ቤት የለም። ሥራቸው ግን ከጅምሩ በእናቶችና ሕፃናት ላይ ያተኮረ ነው። በዚያ ላይ ሪፖርት ይጠብቃቸዋል። እናንተ አረጋውያንን ለማየት ስትወጡ የእነሱን ቀን እየተሻማችሁ መሆኑን እወቁ። አንድ ቀን የእነሱን መዝገብ እየሞላችሁ አግዟቸው፣ በሚቀጥለው ቀን እነሱ ራሳቸው አረጋዊ ያለበትን ቤት ሁሉ ይመሯችኋል።

ቋንቋ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የመጣችሁ ከሆነ ሲዳምኛ አታውቁም። ከተማ ውስጥ በአማርኛ ያልፋል። ገጠር ስትገቡ ብዙ አረጋውያን አማርኛ አይናገሩም። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ያስተረጉምላችኋል፤ ለምግብና ለእንቅልፍ ጥያቄ ይበቃል። ስለ ሽንት፣ ስለ ማሕፀን መውረድ፣ "በቤቱ ውስጥ የሚያስቸግርዎ ሰው አለ?" ብሎ ለመጠየቅ ግን ልጅን አታስተርጉሙ። የልጅ ልጅ ፊት ይህን የሚመልስ አረጋዊ የለም። ጓደኛችሁ ሲዳምኛ ተናጋሪ ከሆነ ጥንድ ሆናችሁ ተመደቡ።

ከዚያ መለኪያዎቻችሁ ይፈተናሉ። ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ተመልሶ የመቀመጥ ምርመራን ታውቁታላችሁ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ ይባላል። ቤቱ ውስጥ ያለው ግን በርጩማ ነው። ከበርጩማ መነሳት ለወጣትም ከባድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አታወዳድሩት። ያንኑ ሰው በዚያው በርጩማ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ለኩና ከራሱ ጋር አወዳድሩት። የማስታወስ ምርመራም እንደዚሁ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚጠይቀውን ቅጽ ተዉት። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ቡና ሲፈላ ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ዕድሜያቸውን ካላወቁ በ1966ቱ አብዮት ጊዜ አግብተው ነበር ወይስ ልጅ ነበሩ ብላችሁ አስሉት።

ወቅቱን ምረጡ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጁ ያደርሳችኋል ካለው ቦታ በፊት ይቆማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ ቡና ባለበት ወረዳ ቤቱ ባዶ ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። አረጋውያኑ ከሕፃናት ጋር ይቀራሉ። ለመጫወት ይከብዳል፤ ብቻቸውን የሚውሉትን ሰዓት፣ ምሳ ማን እንደሚሰጣቸው ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

አትቸኩሉ። ቡና ከተፈላ ሦስተኛው ሳይቀዳ አትነሱ። በቀን ስድስት ቤት ለማዳረስ ያቀደ ተማሪ ስድስት የደም ግፊት ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሁለት ቤት በቂ ነው። በቦርሳችሁ ግፊት መለኪያ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት እና ጥፍር መቁረጫ ያዙ። ጥፍር መቁረጫውን አትናቁ። ዓይናቸው በሞራ የደከመ፣ ጎንበስ ማለት የማይችሉ ሰው የእግራቸውን ጥፍር ለወራት ላይቆርጡት ይችላሉ። ጥፍራቸውን እየቆረጣችሁ እግራቸውን ታያላችሁ፤ እብጠቱን፣ ቁስሉን፣ የደነዘዘውን ጣት። እነሱም ወሬ ይጀምራሉ። ስኳር ያለባቸው ከሆኑ ግን ጥፍሩን በጥንቃቄ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጥግ ጥጉን አትቆፍሩ።

ታዲያ የቱን?

ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ ማዕከል። በሁለት ሳምንት ገጠር ውስጥ ሰላምታ ብቻ ነው የምትጨርሱት። አንድ ወርና ከዚያ በላይ ካላችሁ ገጠር፤ ግን የመጀመሪያዋን ሳምንት ማዕከል ገብታችሁ እጃችሁን ካፍታታችሁ በኋላ። ማገላበጥና ማጉረስ ሳትለምዱ ሰው ቤት ገብታችሁ ምራቱን "እንዲህ አድርጊ" ማለት አትችሉም። እሷ ከእናንተ በላይ ታውቃለች።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ከሆናችሁ ማዕከል ወይም ገጠር እንጂ ዋርድ ብቻውን አይበቃችሁም። የፋርማሲ ተማሪ ከጤና ጣቢያው ይጀምርና በሳምንት አንድ ቀን ከነርሷ ጋር ቤት ይሂድ። የነጠላውን ጫፍ ያኔ ያገኘዋል። የጤና መኮንን ተማሪ ድንገተኛ ሕመምን ገና በደንብ ካላየ ዋርድን አያስቀር።

ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ወደምትመደቡበት ቦታ ደውሉ። የሚከታተለን ማን ነው? ያንኑ ሰው ደጋግመን እናያለን ወይ? አንድ የሚያሰጋ ነገር ብናገኝ ለማን ነው የምናመለክተው? የሦስተኛው መልስ ስም ያለው ሰው መሆን አለበት። "ለሚመለከተው አካል" ከተባላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ላሲክሱን ያገኘችው ተማሪ የምትደውልለት የጤና መኮንን ባይኖራት ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ክኒን አዛውሮ መስጠት የተማሪ ሥልጣን አይደለም።

የምትወጡበትን ቀን ደግሞ ለአረጋውያኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በመጨረሻው ቀን ሹልክ ብሎ መጥፋት አለ። አንድ አባት ከኔ ተማሪ በኋላ ለሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከደጅ ወንበር አውጥተው ሲጠብቁ እንደነበር የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ከመውጣታቸው ሦስት ቀን በፊት ይናገራሉ። ደብተራቸውን ሁለት ቅጂ ያደርጋሉ፤ አንዱን ለኮሌጁ፣ አንዱን ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለማዕከሉ ነርስ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ የመመዝገቢያ ቁጥር አያስፈልግም። የቤቱ አቅጣጫ፣ ክኒኑን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ማታ የሚያስነሳቸው ነገር ካለ እሱ፣ የሚወዱት ምግብ። ቀጣዩ ተማሪ ሲመጣ ከዚያ ይጀምራል።